የቁስል ዕድሜ በምን ይታወቃል?

ውድ አንባቢ ሆይ፣ «የታክሲ ነጂ ስለ ደም ሥር ጂን ለመጻፍ ምን አገባው?» ብለው ሳይጠይቁኝ እኔው ልቅደምዎት። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። ጠመኔውን በመሪ ከለወጥኩ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ጓደኞቼ ስለ አገር ጉዳይ ሲከራከሩ እኔ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አነባለሁ። «መምህር» ይሉኛል፤ ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ። ሁለቱንም ለምጄዋለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ንባብ ብቻ አይደለም፤ የአንዲት እኅታችን ጉዳይ ነው። ስሟንም የምትኖርበትንም ሠፈር አልጽፍም። አንድ ሌሊት ባለቤቷ በቀበቶ ገረፋት። በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ጎረቤት አደፋፍሯት ፖሊስ ጠራች፤ እንግሊዝኛዋ ገና ስለ ነበር እንዳስተረጉምላት እኔ ተጠራሁ። የመጣው ፖሊስ ክንዷንና ትከሻዋን በባትሪ ብርሃን እያገላበጠ አየና «የሚታይ ጉዳት የለም» ብሎ ጻፈ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ በትሕትና ነው ያነጋገራት። እሷ ግን ወደ እኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ያመኛል እኮ! እንዴት አይታይም?» አለችኝ። የቆዳዋ መልክ ከእኛም መካከል ጠቆር ከሚሉት ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰንበሩ ብቅ አለ፤ ጠርዙም ቢጫ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ሆስፒታል ሄደች፤ ለዚህ ሥራ የሠለጠነች ነርስም ፎቶግራፍ አነሣቻት። ነገሩ ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ ደግሞ የባልየው ጠበቃ ያንኑ ቢጫ ቀለም ይዞ ተነሣ። «ቢጫ ማለት የቆየ ማለት ነው፤ ይህች ሴት ከሳምንት በፊት በሥራ ቦታዋ ወድቃ ነበር» አለ። መውደቋም እውነት ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ጥያቄ ተነሣ ማለት ነው። አንደኛው፣ የተመታ ሰው ቆዳ ላይ ምልክቱ ለምን አልታየም? ሁለተኛው፣ ከታየ በኋላስ የመቼ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ስንመታ ከቆዳ በታች ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበጠሱና ደም ወደ ሥጋው ይፈስሳል። ለቆዳችን መልክ የሚሰጠው ሜላኒን የሚገኘው ከላይ ባለው ሽፋን ነው፤ የፈሰሰው ደም ደግሞ ከሥሩ ነው። ጥቁር መጋረጃ በተጋረደበት መስኮት ውስጥ ያለውን ሰው ከደጅ ለማየት እንደ መሞከር ነው። በዚህ ላይ ደሙ ጠልቆ ከፈሰሰ ወደ ላይ እስኪወጣ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ቦታም ይለውጣል። ግንባሩን የተመታ ሰው በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ሥር በልዞ የሚታየው ደሙ ወደ ታች ስለሚወርድ እንጂ ዓይኑን ስለ ተመታ አይደለም።

ለጥቁር ቆዳ መፍትሔ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ብዙዎቻችን በምንኖርበት በቨርጂኒያ መሆኑን ሳነብ ደስ አለኝ። በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የነርስ ሙያ ተመራማሪ የሆኑት ካትሪን ስካፋይድና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት አለ። (ከዚህ በታችም ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተለያየ የቆዳ መልክ ባላቸው ፈቃደኞች ክንድ ላይ በመጫወቻ የቀለም ጠመንጃ ጥይት እየመቱ፣ የበለዘውን ቦታ አንድ ጊዜ በተራ ነጭ ብርሃን፣ ሌላ ጊዜ በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነት ተመለከቱት። ሞገዱ 415 ናኖሜትር የሆነ ሐምራዊ ብርሃን በቢጫ መነጽር ሲታይ፣ ከተራው ብርሃን ይልቅ ምልክቱን የማግኘት ዕድሉ አምስት እጥፍ ያህል ሆነ። ምክንያቱም በደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ያንን ብርሃን አጥብቆ ስለሚውጠው፣ ደም የፈሰሰበት ቦታ ከአካባቢው ይልቅ ጠቁሮ ይታያል። ማርያም የሳመችው ቦታም ሆነ ንቅሳት እንደዚሁ ብርሃን ስለሚውጥ፣ መብራቱ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቢሆንም ያቺ እኅታችን በዚያች ምሽት እንዲህ ያለ መብራት ቢኖርላት ኖሮ ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ጠንካራው።

ጠበቃው የተናገረው ብዙ ሰው የሚያምነውን ነው። መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ በመጨረሻ ቢጫ፤ ስለዚህ ቀለሙን አይቶ ቀኑን መቁጠር። ኬሚስትሪው እውነት ነው። የፈሰሰውን ደም የሚያጸዱ ሴሎች ሄሞግሎቢኑን ሲሰባብሩት ቢሊቨርዲን የተባለ አረንጓዴ ነገር ይወጣል፤ እርሱም ተለውጦ ቢጫው ቢሊሩቢን ይሆናል። የወፍ በሽታ የያዘው ሰው ዓይኑን ቢጫ የሚያደርገው ይኸው ቢሊሩቢን ነው። ነገር ግን ይህ ለውጥ በሁሉም ሰው ላይ በአንድ ፍጥነት አይሄድም። በ1991 ላንግሎይስ እና ግሬሻም የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የብዙ ሰዎችን የበለዘ ቆዳ በፎቶግራፍ ተከታትለው የደረሱበት ድምዳሜ አጭር ነው፦ ቢጫ ቀለም የታየበት ምልክት ከ18 ሰዓት ያላነሰ ዕድሜ አለው፤ ከዚህ የተረፈውን ቀለሙ አይነግርም። ቀይም ሰማያዊም በማንኛውም ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ቢጫ ሳይሆን ይጠፋል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ቢጫ መታየቱ ከልጅቷ ቃል ጋር ምንም አይጣላም። ነርሷም ለፍርድ ቤቱ ያስረዳችው ይህንኑ ነበር።

ጠበቃውን ዝም ያሰኘው ግን ቀለሙ ሳይሆን ቅርጹ ነው። እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልጨምር። የፈረንጆቹ ቅጽ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። እኛ ግን በቡጢ የተመታውን ዓይን «በለዘ» እንላለን፤ በአለንጋ፣ በልምጭ ወይም በቀበቶ የተገረፈ ገላ ላይ የሚጋደመውን መስመር ደግሞ «ሰንበር» እንላለን። ስለዚህ ሳስተረጉም «ሰንበር ነው ወይስ የበለዘ?» ብዬ ጠይቄአት «ሰንበር ነው» ስላለችኝ፣ ለፖሊሱ በቀበቶ የተገረፈ ገላ የሚያወጣው ረጅም መስመር መሆኑን አብራርቼ ነገርኩት። የፎረንሲክ ሐኪሞችም ልዩነቱን ያውቁታል። ረጅምና ጠባብ ነገር ቆዳ ላይ ሲያርፍ መካከሉን ተጭኖ ደሙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ የደም ሥሮቹ የሚበጠሱት በሁለቱ ጠርዞች ስለሆነ መካከሉ ነጣ ብሎ ሁለት ትይዩ መስመር ይቀራል፤ ልክ እንደ ባቡር ሐዲድ። በነርሷ ፎቶግራፍ ላይ ሁለቱ መስመሮች ከማስመሪያ አጠገብ ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ወለል ላይ የወደቀ ሰው እንዲህ ያለ ሐዲድ አይዘረጋበትም። ዳኛዋም ባልየው እንዳይቀርባት የሚከለክለውን ትእዛዝ ሰጠች።

ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ቀለም ቀን የማይቆጥር ከሆነ ቀን የሚቆጥር ሌላ ነገር በሰውነታችን ውስጥ የለም ወይ? አለ። ወደ ጂኑ የምንመጣው እዚህ ላይ ነው።

ሰውነት ሲቆስል የሚያደርገው ነገር ተራ አለው። ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል፤ በሰዓታት ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ነጭ የደም ሴሎች ይደርሳሉ፤ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ ፍርስራሹን የሚበሉት ትልልቆቹ ሴሎች ይበዛሉ፤ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮች መብቀል ይጀምራሉ። በሚድን ቁስል ላይ የምናየው ያ ቀይና እርጥብ ሥጋ በእነዚህ አዳዲስ ሥሮች የተሞላ ነው። ደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዘው ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የሚባል ፕሮቲን ነው። በ1983 ሴንገርና ድቮራክ በሌላ ስም አገኙት፤ በ1989 ፌራራና ባልደረቦቹ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጡት። ደም ሥሩ የተበጠሰበት ሥጋ ኦክሲጅን ሲያጣ ይህን ፕሮቲን ይለቃል። (ሴሎች የኦክሲጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቁ ያገኙት ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል።)

በእኛ ሙያ ላስረዳዎ። ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ማለት በሬዲዮ የሚተላለፍ የታክሲ ጥሪ ነው። ጥሪው ለሁሉም ይደርሳል፤ የሚሰማው ግን ሬዲዮ ያለው መኪና ብቻ ነው። በደም ሥር ሴሎች ላይ ተተክሎ ጥሪውን የሚሰማው ሬዲዮ በሰው ኬ.ዲ.አር.፣ በአይጥ ፍልክ-1 ይባላል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ተቀባይ ናቸው፤ ሐኪሞቹም ብዙ ጊዜ ፍልክ-1 የሚለውን ስም ለሰውም ይጠቀሙበታል። ጂኑ በአራተኛው ክሮሞዞማችን ላይ ይገኛል፤ ከእርሱ የሚሠራውም ፕሮቲን 1356 አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠሉበት ነው። ፍልት-1 የሚባል ወንድምም አለው፤ እርሱ ጥሪውን ከፍልክ-1 በበለጠ አጥብቆ ይይዛል፤ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። ጥሪ ተቀብሎ ከቆመበት የማይነሣ ነጂ የማያውቅ ካለ አንድ ቀን ኤርፖርት ይምጣና ላሳየው።

የዚህ ተቀባይ ዋጋ የታወቀው በ1995 ነው። ካናዳ ውስጥ ጃኔት ሮሳንት ከሚመሩት ቤተ ሙከራ የወጣው ጥናት ይህ ጂን የጎደላቸው የአይጥ ጽንሶች አንድም የደም ሥር ሳይሠሩ በማኅፀን ውስጥ፣ ከስምንት ቀን ተኩል እስከ ዘጠኝ ቀን ተኩል ባለው ጊዜ እንደሚሞቱ አሳየ። ቀጥሎ በ1997 ጃፓናዊው አሳሃራ በአሜሪካ ሳለ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ፣ ገና ወደ ደም ሥርነት የሚለወጡ ሴሎች እንዳሉ ከባልደረቦቹ ጋር አስታወቀ። ለይተው ያወጧቸው በላያቸው ባሉት ሁለት ምልክቶች ነው፤ አንደኛው ሲ.ዲ.34 ሲሆን ሁለተኛው ይኸው ፍልክ-1 ነው።

አሁን የፎረንሲክ ሐኪሞች ገቡበት። በጃፓን ዋካያማ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የፎረንሲክ ሕክምና ፕሮፌሰር የሆኑት ቶሺካዙ ኮንዶ ከባልደረቦቻቸው ጋር የቁስልን ዕድሜ በሴልና በፕሮቲን ለመቁጠር ለብዙ ዓመት የደከሙ ሰው ናቸው። በ2015 ባወጡት ጥናት የቆሰሉበት ጊዜ ከሚታወቅ ሰዎች አስከሬን የቆዳ ናሙና ወስደው፣ ሲ.ዲ.34 እና ፍልክ-1ን በአንድነት የያዙ ሴሎችን በሁለት ዓይነት የሚያበራ ቀለም እየነከሩ በማይክሮስኮፕ ቆጠሩ። በትኩስ ቁስል ውስጥ የሉም፤ ቀናት ሲያልፉ እየበዙ ይሄዳሉ፤ ቁስሉ ሲጠግግ ደግሞ ይመናመናሉ። እንግዲህ በአንድ ቁስል ውስጥ በርከት ብለው ከተገኙ፣ ሟቹ ከቆሰለ በኋላ ለቀናት በሕይወት ቆይቷል ማለት ነው። «ያን ዕለት ነው የተመታው፣ ያን ዕለት ነው የሞተው» የሚል ተከሳሽ ካለ ይህ ቆጠራ ቃሉን ሊያፈርስበት ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ይህ ምርመራ ከቴሌቪዥን እንደምናውቀው ወንጀለኛን በዲ.ኤን.ኤ. እንደ መለየት አይደለም። ያኛው በአንተና በእኔ መካከል ያለውን የጂን ልዩነት ይፈልጋል። ይኸኛው ግን በሁላችንም ውስጥ ያለውን አንድ ዓይነት ጂን ወስዶ «አሁን እየሠራ ነው ወይስ ተኝቷል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቼን «ጂን መያዝና ጂን መጠቀም አንድ አይደለም» እያልኩ ስንት ጊዜ ደክሜአለሁ!

ታዲያ ለዚያች እኅታችን ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማት ነበር? ልንገርዎ፦ ብዙም አይጠቅማትም። ፍልክ-1ን ለመቁጠር ሥጋ መቆረጥ አለበት። ተደብድባ ለመጣች ሴት «ከቁስልሽ ላይ ቆርጠን እንውሰድ» የሚል ሐኪም ሐኪም አይደለም። ለዚህ ነው ይህ እውቀት ከሕያዋን ይልቅ ለሙታን የሚሠራው። አገር ቤት በነበርንበት ዘመን ጋዜጣ ላይ «አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ምኒልክ ሆስፒታል ተላከ» የሚል ዐረፍተ ነገር እናነብ እንዳልነበር! የዚያ ዓይነት ምርመራ ነው። ለሟች ፍትሕ መገኘቱ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሳይንስ ለሞተ ሰው ሰዓት እየቆጠረ ለቆመው ሰው አንድ ባትሪ ብቻ መያዙ ያናድደኛል።

ለሟችም ቢሆን ቆጠራው የግድግዳ ሰዓት አይደለም። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቁስሉ ይዘገያል፤ ሽማግሌ ከወጣት ይዘገያል። ከ2004 ጀምሮ ለካንሰር የሚሰጠው አቫስቲን የተባለ መድኃኒት የሚሠራው ይህንኑ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. በመያዝ ነው፤ ስለዚህ ሐኪሞች ከቀዶ ጥገና በፊት ቢያንስ 28 ቀን ያቋርጡታል፤ ካልሆነ ቁስሉ አይገጥምም። እንዲህ ያለ ሰው ቢገደል የአንድ ሳምንት ቁስሉ ከዕድሜው አንሶ ሊገመት ይችላል።

ከእኛ መካከል ብዙዎቹን የሚመለከተው ደግሞ የቆየ ጠባሳ ነው። ጥገኝነት ለመጠየቅ በዳኛ ፊት የቆመ ሰው የሚያሳየው ትኩስ ቁስል ሳይሆን ከዓመታት በፊት የዳነ ጠባሳ ነው። ቁስል ሲድን የበቀሉት ደም ሥሮች መልሰው ይጠፋሉ፤ ቀዩ ጠባሳ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቆጠር ፍልክ-1 የለም። ለዚህ የሚያገለግለው በ1999 በተባበሩት መንግሥታት ተቀባይነት ያገኘው፣ በ2022 የታደሰው የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ነው። ሐኪሙ «ይህ ጠባሳ በዚህ ቀን የመጣ ነው» አይልም፤ ጠባሳው ሰውየው ከሚናገረው ታሪክ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ይመዝናል፤ ከ«አይስማማም» ጀምሮ «ከዚህ በቀር በሌላ ምክንያት ሊመጣ አይችልም» እስከሚለው ድረስ ደረጃ አለው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1977 እና በ1978፣ «ወፌ ላላ» ይባል የነበረው የውስጥ እግር ግርፋት በዚህ ሰነድ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ አለው፤ ሌላውም ዓለም ያውቀዋል ማለት ነው። ነገር ግን ፈረንጅ ሐኪም ብጣትና ዋግምት የተውትን ምልክት ከግርፋት ጠባሳ ላይለየው ይችላል። በልጅነትዎ ቅንድብዎ ላይ ተበጥተው እንደሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ አንዱን ምልክት ያለ ቦታው መቁጠር የቀረውንም ያስጠረጥራል።

ስለ ሽማግሌዎች ሳልናገር ብቀር ደግሞ ገበናችንን ሸፈንኩ ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ሰንበሩ ገና ሳይወጣ፣ ሁለት የተከበሩ አባቶች ወደ ልጅቷ መጥተው «ምልክት እንኳ የለብሽም፤ በትንሽ ነገር ትዳርሽን አታፍርሽ» አሏት። ሽምግልናን አልነቅፍም፤ ብዙ ቤት ሲያቀና አይቻለሁ። ምልክት አለመታየቱን የዱላ ማነስ ማስረጃ ማድረጋቸውን ግን አልቀበልም። አሁን የቆዳውን ነገር ያነበበ ሁሉ እንደማይቀበለው አምናለሁ።

ስለዚህ በእርስዎ ላይ ወይም በሚያውቁት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ፣ በመጀመሪያው ምሽት ምንም ባይታይም ፎቶግራፍ ይነሡ፤ በማግሥቱ ይድገሙት፤ በሦስተኛውና በአምስተኛውም ቀን ይድገሙት። ከምልክቱ አጠገብ ማስመሪያ፣ ከጠፋም ሳንቲም ያስቀምጡ። አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ደግሞ የማን ገላ እንደሆነ እንዲታይ ከራቅ ብለው ያንሡ። ቅባት አይቀቡበት፣ አይሹት። ፖሊስ «የለም» ብሎ የጻፈው ወረቀት የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ምልክቱ ሲወጣ ተመልሶ ማስመዝገብ ይቻላል። ሆስፒታል ሲሄዱ የፎረንሲክ ነርስ መኖሯን ይጠይቁ። ደም የሚያቀጥን ኪኒን፣ አስፕሪንም ቢሆን፣ የሚወስዱ ከሆነ ይንገሯት፤ በትንሽ ምክንያት በሰፊው ያበልዛልና። ስኳርም እንዳለብዎ ይንገሯት። የመድኃኒቱን ስም መጥራት ካስቸገረዎ ብልቃጡን እንዳለ ይዘው ይሂዱ።